ገና ያልተሠራው ቤት ሙቀት

ሐይቅ ከተማ ቤት የሚያሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አጠገብ ቆሞ የሚጨቀጭቅና ከጅዳ እየደወለ የሚጨቀጭቅ። የፊተኛው ሲመሽ እንኳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኋለኛው ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው።

በመሐንዲሱ በዝናው ኪስ ውስጥ የሚያድሩት ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ወይዘሮ ዑምኩልሱም ናቸው። ጥፋቱ የራሱ ነው። ቤት ሳይሠራ ሙቀትና ብርዱን የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዳለው አንድ ቀን አምልጦት ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቀረ።

«ዝናው ወንድሜ፣ ቤቴ እንዴት ዋለ?»

ቤቱ የዋለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መሬቱ ላይ ያለው የመሠረት ጉድጓድና የጎረቤት ፍየል ብቻ ነው።

«ሳሎኑ ትንሽ ሞቅ ብሏል፣ እትዬ።»

«ወላሂ ኤሲ አላስገባም! በሰው ቤት ኤሲ መንቀጥቀጤ ይበቃኛል። የሐይቁን ንፋስ አስገባልኝ። ለረመዳን እገባበታለሁ ኢንሻአላህ።»

መስኮቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። በማግስቱ ደግሞ እንደ አሠሪያቸው ቤት ዙሪያው መስታወት ይሁን ይላሉ። ፕሮግራሙ ሙቀቱ በዛ ብሎ ቀይ በቀይ ይሆናል፤ እሳቸውም ይቆጣሉ። ስልኩ ሲጮህ ዝናው «መጡ ደግሞ!» ይላል። ሳይደውሉ የቀሩ ዕለት ግን ሥራ አይያዝለትም።

በቀደም አንድ ችግር ተገኘ። የእናታቸው የእማማ መስኡዳ መኝታ ክፍል ሌሊት ይበርዳል። አሮጊቷ ደግሞ ቁርጥማት አለባቸው።

«ወይ ግድግዳውን ማወፈር ነው፣» አለ ዝናው፣ «ወይ...»

«ወይ ምን?»

«ፕሮግራሙ የሰው ገላ ሙቀትም ይቆጥራል። አንድ ሰው አብሯቸው ቢተኛ ይስተካከላል። እስቲ ልየው ብዬ እርስዎን አስገብቼዎት ነበር።»

ዑምኩልሱም ከእናታቸው ጎን ተኝተው የሚያውቁት ገና ልጃገረድ ሳሉ ነው።

«ሞቀ?» አሉ።

«ሞቀ።»

«እማዬን አልበረዳትም?»

«አልበረዳቸውም።»

«አብሽር እንግዲያ። ግድግዳውን አወፍረው። የሥራ ኮንትራቴን እዚህ አድሼዋለሁ፤ ዘንድሮም አልመጣም። ናፍቃኛለች ዝናው። እኔን ግን ከዚያ ክፍል አታውጣኝ።»

ግድግዳው ወፈረ። አሁን ፕሮግራሙ የእማማ መስኡዳ ክፍል ከልክ በላይ ይሞቃል እያለ ያስጠነቅቃል፤ ሁለት ሰው ተኝቶበታላ! ዝናው ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል። አያርመውም።