የሰባት መጽሔት ውሃ

[ጎንደር ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ። ዶክተር ክንዱ ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ፣ ግድግዳቸውን በመጽሔት የሸፈኑ ተመራማሪ ናቸው። አያ አለነ ደግሞ ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና አቧራ ሲጠጡ የመጡ ገበሬ። ከሦስት ዓመት በፊት ዶክተሩ የመንደሩን ምንጭ ሲያጠኑ ውሃ የቀዱላቸው እሳቸው ነበሩ። አሁን ሚስታቸው ሐረገወይን ሆዷን ይዛ ከተኛች ሁለት ሳምንቷ ነው። አያ አለነ ይህን ሊናገሩ አፋቸውን ከከፈቱ ቆይተዋል፤ ተራ ግን አላገኙም።]

ዶክተር ክንዱ፦ ሰባት ነው አልኩህ! ቁጠረው! ሰባት መጽሔት!

አያ አለነ፦ ውሃው ግን አንድ ነበር።

ዶክተር ክንዱ፦ ውሃው አንድ፣ ጽሑፉ ሰባት። አንዱን በሕክምና፣ አንዱን በከብት በሽታ፣ አንዱን በአፈር፣ አንዱን በመልክዐ ምድር...

አያ አለነ፦ ገባኝ። እኔም አንዱን በግ በሰባት በር ባስገባው የሰባት በግ ጌታ ነኝ ማለት ነው።

ዶክተር ክንዱ፦ ስለ በግ ማን አወራ?

አያ አለነ፦ ስለ ውሃውስ ማን አወራ? እኔ የመጣሁት በእሱ ነበር። የመንደራችን ጭቃ ሹም «ውሃው ያሳምማል፤ ትዕዛዝ ነው» ብሎ የምንጠጣውን የማርያም ምንጭ በእሾህ አጠረው።

ዶክተር ክንዱ፦ [ከወንበራቸው ብድግ ብለው] አጠረው? በእኔ ጽሑፍ?

አያ አለነ፦ በአንቱ ጽሑፍ ነው አሉ።

ዶክተር ክንዱ፦ [ደብተር ስበው እየጻፉ] አርባ አራት!

አያ አለነ፦ ምኑ?

ዶክተር ክንዱ፦ ጽሑፌን የጠቀሰ ሰው ነዋ! እስከ ትናንት አርባ ሦስት ሊቃውንት ነበሩ፣ በሰባት የትምህርት ዘርፍ። ጭቃ ሹሙ ሲጨመር አስተዳደር ስምንተኛ ሆነ!

[አያ አለነ የሐረገወይን ፊት ድቅን አለባቸው። ቁጣቸውን እንደ ትኩስ ቅንጬ ዋጡት።]

አያ አለነ፦ ሸጋ ነው። ከነዚያ ሊቃውንት ውሃውን ያየ አለ?

ዶክተር ክንዱ፦ ምን ሊያደርግ? የሮሙ ሊቅ እኔን አነበበ።

አያ አለነ፦ የለንደኑስ?

ዶክተር ክንዱ፦ የሮሙን አነበበ።

አያ አለነ፦ እንደኛ መንደር ወሬ ነዋ። አበቡ ከስንዱ ሰማች፣ ስንዱ ከአምሳል ሰማች፤ አምሳልን ሄደው ሲጠይቋት «እኔ እንጃ» ትላለች።

ዶክተር ክንዱ፦ ይህ ጥናት ነው! ምንጩ ትል አለበት። በማጉያ መሣሪያ በዓይኔ አይቻለሁ!

አያ አለነ፦ ታዲያ ምነው ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ስንጠጣው አላመመን? ምንጩ ከታጠረ ወዲህ ግን ከታች ከወንዙ እየቀዳን መንደሩ በሙሉ ሆዱን ይዞ ተኛ። ሐረገወይንም...

ዶክተር ክንዱ፦ ያ ካለመማር የመጣ ነው።

አያ አለነ፦ ይሁን። አንቱ ምንጩ ድረስ ወርደዋል?

ዶክተር ክንዱ፦ እኔ? ያን ገደል? በዚህ ጫማ? ስድስት ጠርሙስ ሰጥቼህ የቀዳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?

[አያ አለነ ነገሩ ትዝ አላቸው። ባርኔጣቸውን ከጭናቸው ላይ አንሥተው መሬት አኖሩት።]

አያ አለነ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነበር የላኩኝ?

ዶክተር ክንዱ፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በሰባቱም መጽሔት ተጽፏል።

አያ አለነ፦ ምሳዬን በልቼ ነበር።

ዶክተር ክንዱ፦ ብትበላስ?

አያ አለነ፦ እንዴ! የማርያም ምንጭ አፍ እህል ከነካ በኋላ ይቀረባል? ሴቶቻችን የሚቀዱት በማለዳ ነው፣ ገና ምንም ሳይቀምሱ። አንቱ የዚህ አገር ልጅ አይደሉም?

ዶክተር ክንዱ፦ [መነጽራቸውን አውልቀው] ታዲያ... ከየት ቀዳህ?

አያ አለነ፦ ከታች ከወንዙ። በቅሎዬ ከምትጠጣበት፣ ከምትንከባለልበት። ልነግርዎ መጥቼም ነበር፤ «ጠርሙሱን አስቀምጥና ውጣ» አሉኝ።

[ዶክተሩ በመጽሔት ወደተሸፈነው ግድግዳ ዞሩ።]

ዶክተር ክንዱ፦ አርባ ሦስት ሊቃውንት...

አያ አለነ፦ አርባ ሦስቱም የበቅሎዬን ፋንድያ ነው የጠቀሱት። ሐረገወይን የጠጣችውም እሱኑ ነው፤ ያውም በአንቱ ትዕዛዝ።

ዶክተር ክንዱ፦ [ወደ በሩ ገልመጥ ብለው፣ በሹክሹክታ] አያ አለነ፣ ይህ ከእኛ አይውጣ። ይህን ያህል ሰው ከጠቀሰው እውነት ሆኗል።

አያ አለነ፦ እውነት ሆኖ ሚስቴን ይገድላል? በሉ ወረቀት ያውጡ። «ተሳስቻለሁ፤ ምንጩ ዛሬውኑ ይከፈት» ብለው ለጭቃ ሹሙ ይጻፉ።

ዶክተር ክንዱ፦ ተሳስቻለሁ? እሱን የትኛው መጽሔት ያወጣልኛል?

አያ አለነ፦ [ደብተሩን ላፍ አድርገው] የሊቃውንቱ አድራሻ እዚህ ውስጥ አለ አይደል? እኔ ባልጽፍ የደብራችን መሪጌታ ሐብተ ማርያም ይጽፉልኛል። ከሮሙ እንጀምራለን።

ዶክተር ክንዱ፦ ቆይ! ቆይ አያ... ይቆዩ! እርስዎ ይቀመጡ! እጽፋለሁ!

[ጻፉ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ለሰባቱ መጽሔት ሲጽፉ ያላላበው ግንባራቸው አሁን ወረቀቱ ላይ ላብ አንጠባጠበ።]

ዶክተር ክንዱ፦ ይኸው። በቅሎዋን ግን አላነሣኋትም።

አያ አለነ፦ ኧረ እሷማ ትነሣ! አርባ ሦስት ሊቅ የመሰከረላት በቅሎ በበጌምድር ሌላ የት ትገኛለች? ቦራ ትባላለች። ስሟንም ከአንቱ ስም ያስቀድሙት፤ ሥራውን የሠራችው እሷ ናት።