የእርቁ ዳቦ ጠቆረ

የዘንድሮ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን ይማራል? የአባቱን ምሳ መቀማት ነዋ! ልጄ ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ ታጠናለች። ሐኪሙ ስኳር በሽታ አለብህ፣ ካልተጠነቀቅህ እግርህን ታጣለህ ካለኝ ወዲህ ሻዬን ያለ ስኳር እየጠጣሁ ኮርቼ ተቀምጬ ነበር። እሷ ግን «አባዬ፣ በሶውም ዳቦውም እኮ ስኳር ነው። ስኳሩ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሰለፍ ስታርች ይባላል፤ ሆድህ ሲገባ ይለያይና ያው ስኳር ይሆናል» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ገብስ አመረትኩ ስል፣ ለካ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ኖሬያለሁ!

አላምንም ስላት አዮዲን የሚባል ነገር በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ስታርች ያለበት ላይ ጠብ ሲያደርጉት ያጠቁራል። ሞከርኩት። ድንቹ ጠቆረ። ቂጣው ጠቆረ። ዕንቁላሉ ብቻ በክብር ተረፈ። ባለቤቴ «ቤቱን ሐዘን አስለበስከው» አለችኝ። እኔ ግን ጠርሙሷን ጋቢዬ ሥር ሸጎጥኳት።

በዚሁ ሰሞን በድንበር ከተጣላሁት ጎረቤቴ ከአያ ደምሴ ጋር ሽማግሌዎች አስታረቁንና እሱ ቤት ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። በእኛ አገር አብሮ ሳይበላ የወጣ ሰው አልታረቀም ማለት ነው። ብበላ እግሬ፣ ብተወው እርቁ። ምናልባት ይሄኛው ስኳር ባይኖረውስ? የራበው ሰው የማያስበው የለም። ጠርሙሷን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ቁራሼ ላይ ጠብ አደረግሁ። ከሰል መሰለ።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ያኘኩትን ተፉ። አንዱ «መርዝ!» ብሎ ጮኸ። የደምሴ ሚስት «በገዛ እጄ ያቦካሁትን! ኧረ ምን ጉድ ነው!» እያለች ደረቷን ደቃች። ደምሴ ዱላውን አነሳ። «ታርቀን ሳናበቃ ትመረምረኛለህ?» አለኝ። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሰው ስለ ስታርች ማን ያስረዳ? «መርዝ አይደለም፤ የእኔም ቤት ቂጣ ይጠቁራል» አልኩ። ሽማግሌው «እንግዲያ የአንተም ቤት ተመርዟላ!» አሉ።

ደምሴ አንድ ትልቅ ቁራሽ አምጥቶ እፊቴ አስቀመጠና «መርዝ ካልሆነ ብላ» አለኝ። በላሁ። ደገመልኝ። በላሁ። ሰው ሁሉ መቼ ይወድቅ ይሆን እያለ ያየኛል። አልወደቅሁም። ያኔ ሌላውም እጁን ሰደደ፤ ደምሴም ዱላውን አስቀምጦ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ።

እርቁ ጸና። እግሬም ለጊዜው አለ። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ ድግስ ያለበት ሁሉ መጀመሪያ እኔን ያስጠራል። የመጀመሪያዋን ቁራሽ፣ ያቺን ትልቋን፣ በእጄ ያስይዙኝና አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። «እሱ ከበላውማ ለጤና ነው» ይላሉ።