ለእማዬ ወንበር የሚሆን ቀዳዳ

ሰው ቀዳዳን ይንቃል። እንጨቱ የሌለበት ቦታ፣ ስለሱ ምን ይወራል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ወልቂጤ ውስጥ እንጨት ስቆርጥና ስበሳ የምውል አናጢ ነኝና ስለ ቀዳዳ ብታወሩኝ አይሰለቸኝም። ቪቴ ከመግባቱ በፊት እንጨቱ በትራፓኖ ይበሳል። የመብሻው ብረት፣ ፑንታው፣ የቪቴውን ጥርስ ትቶ መሃሉን ያህል መወፈር አለበት። ቀዳዳው ከጠበበ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ከሰፋ ቪቴው የሚነክሰው ያጣል። ሙያዬ ይኸው ነው፣ የቀረው ጉራ ነው።

ይህን የማይሰማ ሰው ቢኖር ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወልዴ ነው።

መቼም የኛን አገር መስቀል ታውቁታላችሁ። ከያለንበት ተጠራርተን ቡታጅራ አጠገብ እናታችን ቤት እንገባለን። ታዲያ በኛ ቤት ክትፎው ከመቅረቡ በፊት የእማዬ ወንበር እግር መጥበቅ አለበት። ወንበሩን የሠራላት አባታችን ነው፤ ከሱ እጅ የቀራት ይሄ ወንበር ብቻ ስለሆነ በመስቀል ሌላ ላይ አትቀመጥም። ማጥበቁ ደግሞ የበኩር ልጅ ድርሻ ነው። ስለዚህ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ የሚውለው ጋሼ ወልዴ ካቻቢቴ ይዞ እግሯ ሥር መሬት ላይ ይቀመጣል፣ እኔ አናጢው ዳር ቆሜ ባትሪ አበራለታለሁ። ጋሼ ጉልበት እንጂ ቀዳዳ አያውቅም። በየዓመቱ ካምናው የወፈረ ቪቴ ይዞ ይመጣና ይቀረቅረዋል። እግሩ ተበልቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ የአባባ ወንበር ዓይናችን እያየ ሊሄድ ነው ብዬ ሆዴ ይባባ ነበር።

ዘንድሮ ጋሼ ወገቡን አሞት መጣ።

«እስቲ አንተ ሞክረው» ብሎ ካቻቢቴውን ሰጠኝ።

ሞክረው! አሮጌውን ቀዳዳ በደረቅ እንጨትና በኮላ ደፈንኩት፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ ልክ በሆነችው ፑንታ በሳሁና ቪቴውን አጠበቅኩት። እማዬ ተቀመጠች። ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም አለች። ወንበሩ ንቅንቅ የለም።

«ተባረክ» አለች ቀዝቀዝ ብላ። «ከእንግዲህ አይላላም?»

«ምን ሲደረግ! የልጅ ልጆችሽ ይቀመጡበታል።»

«እሱማ ጥሩ ነው» አለችና በር በሩን አየች። ጋሼ ደጅ ቆሞ ስልክ ያወራል። ቀኑን ሙሉ እንዳወራ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት ጠራችኝ። ሌላኛው እግር ላልቷል። ያ እግር እኮ ትናንት ደህና ነበር! ዝቅ ብዬ ሳይ የካቻቢቴው እጀታ ከነጠላዋ ሥር ብቅ ብሏል። ቀና ብዬ አየኋት፣ እሷ ግድግዳውን ታያለች።

ያኔ ገባኝ። ጋሼ ወልዴን የሚያህል ትልቅ ሰው እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ፣ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ እንቅልፉ የምትጠይቀው በዚያች ወንበር ሰበብ ነበር። እኔ ብልጡ፣ ሰበቧን በኮላ ደፈንኩባት። አንጀቴን በላችው።

«ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ። «ይሄ እንኳ ያንተን እጅ ይፈልጋል።»

«ወገቤን እኮ...» እያለ ገባ፤ ፊቱ ግን በርቷል። ትራስ አነጠፍኩለትና እግሯ ሥር ተቀመጠ።

«ስኳርህን ተለካህ ወይ ወልዴዬ?» ስትል ሰማኋት።

እኔም ከሳጥኔ ልክ የሆነችውን ፑንታ አወጣሁ፣ አየኋት፣ መልሼ አስቀመጥኳት። ከሷ ትንሽ ወፈር የምትለውን ትራፓኖው ላይ ገጥሜ ለጋሼ አቀበልኩት። ከርሞ ይላላል፤ እግሩ ተበልቶ እንዳያልቅ ደግሞ፣ ሁሉም ሲሄዱ ቀዳዳውን መድፈኑ የኔ ነው።