የኢንጂነሩ ጫማ

በእኛ ሰፈር ሰውን «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ነውር የሆነው መልሱ ምስጢር ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። ቀራንዮ ውስጥ የሰው ገቢ የሚታወቀው ከአፉ ሳይሆን ከእጁና ከእግሩ ነው። ዘይት በጄሪካን ይገዛል ወይስ በግማሽ ሊትር? ታክሲው ሰፈሩ ድረስ ያደርሰዋል ወይስ ሒሳቡ ሳይጨምር አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ «ወራጅ አለ» ይላል? ወሩ ሊያልቅ ሲል ሱቅ የሚሄደው ራሱ ነው ወይስ ልጁን ይልካል? ይህን ሁሉ አይተን ከጨረስን በኋላ ሰውየውን መንገድ ላይ ስናገኘው «ሥራ እንዴት ነው?» እንለዋለን። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ምን እንደተባለ ለሁለታችንም ገብቶናል።

ከዚህ ሁሉ ስለላ ያመለጠ አንድ ሙያ ቢኖር ኢንጂነርነት ነው። ቃሉ ራሱ እንደ ካፖርት ነው፤ ከላይ ሲደረብ የውስጡ ሸሚዝ አይታይም። አንዲት እናት «ልጄ እኮ ኢንጂነር ነው» ካለች ሌላ ማብራሪያ አትጠየቅም። ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው ሁሉ ይጠየቃል፤ ኢንጂነሩን ግን ሰው አይቶ ያልፈዋል። ምናልባት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው የአንድ ኢንጂነር እናት ትሆናለች። ይህን ስል ፈርቼ ነው፤ እናቶች እንዳይቀየሙኝ።

እኔ ራሴ በዚያ ካፖርት ውስጥ እንድገባ የተወሰነልኝ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የወሰነልኝ አባዬ ነው።

አባዬ ፌራዮ ነው። የሕንፃ ብረት ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በጥቁር ሽቦ አስሮ ለአርማታ የሚያዘጋጅ ሰው ማለት ነው። ስሙ ደምሴ ቢሆንም ሳይት ላይ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ሽቦ» ነው የሚለው። ሥራው አርማታ ውስጥ ስለሚቀበር አይታይም። «የእኔ ሥራ የሚታየው ሕንፃ ሲወድቅ ነው፤ ስለዚህ ባይታይ ይሻላል» ይላል። ከሥራ ሲመለስ መዳፉ እንደ ድንች ልጣጭ ሻክሯል። በዚያ መዳፉ ራሴን ዳበስ ያደርግና «አንቺ ኢንጂነር ትሆኛለሽ። ብረት የምታስሪ ሳይሆን የታሰረ ብረት የምታዪ» ይለኛል። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን ከትከሻዬ በላይ የማላወጣ ልጅ ነኝ። እሺ እላለሁ። ለሁሉም ነገር እሺ እላለሁ።

አሁን ወደ እህቴ ወደ ማህሌት ልውሰዳችሁ። ማህሌት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ ምስማር እግሩን የወጋው ልጅ እያነከሰ መጣ። ቁስሉን አጠበችለት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋችው፣ በፋሻ ጠቀለለችለት። ቁስሉ በሳምንቱ ዳነ። ልጁ ግን ፋሻ ለማስቀየር ሁለት ወር ተመላለሰ። ስሙ ያሬድ ነው። የሳይት ኢንጂነር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ትገምታላችሁ፤ እኔም የገመትኩት ማህሌት ከሰላምታ ጋር ፈገግታ መመረቅ ስትጀምር ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ታዬ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እኔና ማህሌት ጓዳ ገብተን ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆምን።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለ አባዬ፣ ለምን እንደመጡ ምንም የማያውቅ መስሎ። ከጠዋት ጀምሮ ሸሚዝ ሲመርጥ ነበር።

«ጉዳያችንን ሳንናገርማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታዬ።

ከዚያ ልጁን ማወደስ ጀመሩ። ጨዋ ነው አሉ። ሱስ አያውቅም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሥራ አይገባም አሉ። ዋናውን ነገር ግን ለመጨረሻ አስቀምጠውት ኖሮ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ አድርገው፣ «በዚያ ላይ ደግሞ ኢንጂነር ነው» አሉና ቃሉ እስኪሰርጽ ዝም አሉ።

እንግዲህ ይህ ንግግር በቀራንዮ የትኛውም ቤት በር ያስከፍታል። ከአንድ ቤት በስተቀር። ሽማግሌዎቹ ያንን አንዱን ቤት ነው ያገኙት። አባዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ከኢንጂነሮች ጋር የዋለ ሰው ነው። ወር ሊያልቅ ሲል ለታክሲ የሚያበድራቸው እሱ ነው። ካፖርቱን ገልጦ ሸሚዙን ያየ ሰው ማለት እንደሱ ነው።

«የት ሳይት ነው የሚሠራው?» አለ አባዬ።

«እዚሁ ዓለም ባንክ ሰፈር። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ባለ አምስት ፎቅ።»

«ስሙን ማን አላችሁኝ?»

«ያሬድ።»

አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ማህሌት ክንዴን ጨመቀችው። ቆይቶ «እንግዲህ ከዘመድ ልማከር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አላቸው። ይህስ ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ይመስላል። ነገር ግን ሲሄዱ እስከ ውጭው በር አልሸኛቸውም። ከቤቱ ደጃፍ ተመለሰ። ማህሌት ይህን አየች።

የዚያን ዕለት እራት ላይ አባዬ ፈነዳ።

«ኢንጂነር ይሉኛል እኮ! ለእኔ! ያ ሴራሚክ የሚለጥፈው ልጅ፣ ያ ፀጉሩን ቢጫ የተቀባው፣ የኢንጂነሩን የወር ደመወዝ በሳምንት ነው የሚያገኛት። ለሳኙ ቁርስ ላይ እንቁላል በሥጋ ሲያዝ ኢንጂነሩ ምን ይላል? ‹ጾም ይዣለሁ!› የምን ጾም? በፋሲካ ማግስት!»

እማዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አንተስ እኔን ስታገባ ምን ነበረህ? አንድ ፒንሳ ነበረህ።»

«በፒንሳዬ ይበላ ነበር! በዲግሪ ይበላል? ገልባጭ መኪና የሚነዳው፣ ብሎኬት የሚሸጠው፣ ሁሉም ከእሱ ይሻላል። ነርስና ኢንጂነር ተጋብተው ሁለት ባዶ ኪስ ሊሰፉ ነው?»

ማህሌት የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው። «አባዬ፣ አንተ ካልመረቅከኝ አላገባም» አለች ቀስ ብላ። «ከእሱ ሌላም አላገባም።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

«አባዬ» አልኩ፣ «ታዲያ እኔን ለምንድን ነው ኢንጂነር ሁኚ የምትለኝ?»

ለመሳደብ ብዬ አልነበረም። እውነት ግራ ገብቶኝ ነው። የአባዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች፤ ሁሉም ዞሩ። በእኛ ቤት እኔ ስናገር ተበላሽቶ የኖረ ሬዲዮ በራሱ እንደተከፈተ ነው የሚቆጠረው።

«አንቺ ሌላ ነሽ» አለ አባዬ።

«በምን?»

ይህቺን ሁለተኛዋን ቃል የተናገርኩት እኔ መሆኔን እስካሁን እጠራጠራለሁ።  አባዬ እጁን ታጥቦ ወጣና ግቢው ውስጥ ከሥራ የተረፈ ብረት ከተከመረበት ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በመስኮት አየሁት። ሽቦ ይጠመዝዝና ይፈታ ነበር።

አባዬን ብቻ አትፍረዱበት። ይህ የሁላችንም ነገር ነው። የምረቃ ፎቶ ላይ ኢንጂነር እንወዳለን፤ በፍሬም አድርገን ሳሎን እንሰቅለዋለን። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ግን ፎቶው አይከፍልም። ኢንጂነር ከቤታችን ሲወጣ ኩራት ነው፤ ወደ ቤታችን ሲገባ ወጪ።

ሁለት ሳምንቱ እንደ ሁዳዴ ረዘመብን። ማህሌት ፈገግታዋን መመረቅ ተወች፤ ሰላምታዋም አጠረ። አባዬ ደግሞ ራሴን መዳበሱን ተወ፤ ኢንጂነር ሁኚ ማለቱንም ተወ። ነፃ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ግን ከፋኝ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ቆሙ። በዚህኛው ቀን አባዬም ቆመ።

«ልጁን አውቀዋለሁ» አላቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ማህሌት ክንዴን እንደገና ጨመቀችው። ጋሽ ታዬ ዱላቸውን አጠበቁ።

«እዚያ ባለ አምስት ፎቅ ላይ የአንደኛውን ወለል ብረት ያሰርኩት እኔ ነኝ። በቁርጥ ነበር የያዝኩት። ስታፋ ታውቃላችሁ? ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የሚይዘው ማለት ነው። በየአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት። እኔ ቶሎ ልጨርስ ብዬ በየሃያው አደረግኩት፤ አንዳንድ ቦታም ሰፋ ብሏል። በነጋታው ይሄ ልጅ ሜትሩን ይዞ መጣ። ‹ጋሼ፣ ይሄ ይፈታ› አለኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«የእናንተ ልጅ! የልጄ እኩያ! ለምኜው እንቢ አለኝ። ከዚያ...» አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ መስማት ልማዴ ነው። «ከዚያ ለሻይ ብዬ ብር ጠቅልዬ እጁ ላይ አደረግኩለት። ሌሎቹ ይቀበሉ ነበር። እውነቴን ነው የምነግራችሁ። መልሶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝና ‹ይሄን ለልጆችዎ ይውሰዱላቸው፤ ስታፋውን ግን ይፍቱት› አለኝ። ቀኑን ሙሉ በነፃ ፈታሁ። ስፈታ ስረግመው ዋልኩ።»

ጋሽ ታዬ ወደ በሩ ተመለከቱ። ነገሩ ያለቀለት መስሏቸዋል።

«አጎንብሼ ስፈታ ጫማውን አየሁት» አለ አባዬ። «ሶሉ ተገንጥሎ በእኔው ሽቦ ታስሯል። ሳይሰርቅ አልቀረም ብዬ ላፌዝበት ስል፣ ‹ጋሼ፣ ያችን ቁራጭ ከጣሉት ላይ ነው ያነሳኋት› አለኝ። ደህና አድርጎ ነበር ያሰረው። ሰዎች ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ይላሉ። እኔም እል ነበር። ባለፈው ግን ትንሿ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መልሱን ስፈልግ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ይህቺን ልጅ ኢንጂነር ሁኚ ስላት ደመወዙን አስቤ አልነበረም ለካ። እንደዚያ ልጅ ‹ይፈታ› እንድትል ነበር። የእኔ ቢሆን እንኳ።»



«ታዲያ ምን አሉን?» አሉ ጋሽ ታዬ፣ አስተማሪ ናቸውና ግልጽ መልስ ሳይዙ አይሄዱም።

«ተቀመጡ ነዋ! ምን ያስቆማችኋል?»

ማህሌት አሁን አለቀሰች። እኔም አብሬ።

ቆይቶ ግን አንድ ነገር አሰብኩ፤ እናንተም አስቡበት። የያሬድ ደመወዝ ደህና ቢሆን ኖሮ ጫማው ደህና ይሆን ነበር። ጫማው ደህና ቢሆን ምስማሩ አያልፍም። ምስማሩ ባያልፍ ክሊኒክ አይሄድም። ይህን ለማህሌት ብነግራት «ታዲያ ደመወዙ እንዳይጨመር ልጸልይ?» አለችኝ። አትጸልዪ አልኳት። ጭማሪው ሳትጸልይም አልመጣም።

ያሬድ ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታችን የመጣ ዕለት አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር። አባዬን ሲያይ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ደረቀ። «ጋሽ ሽቦ!» አለ። የማን ልጅ እንደጠየቀ ያኔ ነው የገባው። «ግባ፣ ግባ» አለው አባዬ፣ «እዚህ የሚፈታ ነገር የለም።»

ይህን ማለት አልነበረበትም።

ምክንያቱም ዓለም ባንክ አካባቢ ቤት ጠይቀው የነርስና የኢንጂነር ደመወዝ ተደምሮም ኪራዩን አልችል ሲል፣ አባዬ ከጓሯችን አንዲት ክፍል ልሥራላችሁ አለ። ብረቱን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገም፤ በትርፍ ሰዓቱ ብቻውን አሰረው። ባለፈው ቅዳሜ ያሬድ ሊጠይቀን መጣና ሥራውን አየ። አደነቀ። ዞረ። እንደገና አደነቀ። እጁ ግን ሜትሩ ያለበት ኪሱ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ማህሌት በዓይኗ ተወው አለችው።

«አፍህ ውስጥ ያለውን ተናገር» አለው አባዬ።

«አይ፣ ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ክፍል ናት...»

«ተናገር አልኩህ!»

ያሬድ ተንበረከከና ለካ። አንድ ማዕዘን ላይ ያለው ስታፋ ሰፍቷል። አንገቱን ደፍቶ «ይሄ ይፈታ» አለ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ። ከእኔም ያነሰ ድምፅ መኖሩን ያኔ አወቅኩ።

አባዬ ለአፍታ አየው። ከዚያ ፒንሳውን አነሳና ቁጢጥ ብሎ ሽቦውን መፍታት ጀመረ። እኔን ጠቀስ አድርጎ «አንቺ፣ ሜትሩን ተቀበዪው፤ ቀሪውን አንቺ ለኪ» አለኝ። ተቀበልኩ። እሺም አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፈልጌ ነው።

እማዬ ከደጃፉ ቆማ «እንዲህ ፈትተህ መልሰህ ስታስር ልትውል ነው? ለዚህስ ማን ይከፍልሃል?» አለችው።

አባዬ ቀና ሳይል «ዝም በይ» አላት። «ዛሬ በኢንጂነር ደመወዝ ነው የምሠራው።»