የጋሽ ይመር የውዱእ ድንጋይ

ደሴ ተወልጄ አድጌአለሁ የሚል፣ ግን ድንጋይ የሚንቅ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እኛ ስናድግ ድንጋይ ያልሆነልን ነገር የለም። የደጃፍ ወንበራችን እሱ፣ ቆርቆሯችንን ነፋስ እንዳይወስደው የሚጫንልን እሱ፣ የክረምቱን ጭቃ የምንሻገርበት እሱ። ከተማው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚወሸቀውም ያው እሱ ነው። ዛሬ ተጠርቦና ተስተካክሎ ኮብልስቶን ተብሎ ሲነጠፍ ሳየው፣ አብሮ አደጌ ሱፍ ለብሶ የተሾመ ይመስለኛል። ሰላም ልለው ይቃጣኛል።

አንድ ሌላ ሥራም ነበረው። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ የተበደለው ሰው ደጅ ሄዶ ጎንበስ ይላል። ተበዳዩ "አውርድ" እስኪለው ድረስ አያወርድም። አሁን አሁን ይቅርታም በስልክ ሆኗል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ሁለት እጅ የተጋጠመበት ሥዕል ልኮ ይገላገላል። ይሁን፣ ጫንቃም አይልጥም። እኔ የማወራችሁ ግን ጫንቃ ስለላጠው ነው።

አባቴ ታደሰ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ደግሞ እዚያው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በደሴ ብርድ ተኮራምተው የሐረጎን ቁልቁለት አብረው ይወርዳሉ፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፤ ወደ ማታ መልሰው ለብሰው ዳገቱን ይወጣሉ። የነሱ ኢድ የኛ፣ የኛ ፋሲካ የነሱ ነበር። ሥጋው ብቻ ነው ለየብቻ የሚታረደው።

አንድ ቀን የአባቴ መኪና ስኮርታ ጠፋ፤ ትርፍ ጎማው ማለቴ ነው፤ ማታ ማታ ግምጃ ቤት ነበር የሚቀመጠው። አባቴ ሲናደድ አፉን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት "የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ይመር ኪስ ነው" አለ። ያቺን ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን ሰው ጨመረበት። ጋሽ ይመር ከሥራ ታገዱ። ሰፈሩም ስማቸውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጥራት ጀመረ። ሁለት ወር አልፎ አባቴ በደጋን ከተማ ሲያልፍ አንድ ጎሚስታ እጁን እያውለበለበ አስቆመው።

"ጋሼ፣ ይችን ስኮርታ መቼ ነው የሚወስዱልኝ? ቤቴን ሞላችው እኮ!"

ራሱ ሊያስጠግናት ትቷት፣ ራሱ ረስቷት ነው።

በዚያው ቀን ለአለቆቹ ጥፋቱን ተናግሮ ጋሽ ይመርን ወደ ሥራቸው አስመለሰ። ደጃቸውን ለመርገጥ ግን ፊት አጣ። ወዲያው ጭነት ይዞ በስተምዕራብ ወዳለው ገደላማ ቆላ ተላከ፤ ሳምንት ቆይቶ መጣ። በመጣ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የጋሽ ይመር በር ላይ ቆመ።

"አፉ በለኝ ይመር" አለ፤ ያ ማዕተቡን ከአንገቱ የማይለይ አባቴ፣ ይቅርታውን በእስላሞቹ አነጋገር ጠየቀ።

"አፉ ብያለሁ። አውርድ" አሉ ጋሽ ይመር። ተቃቅፈው አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ሁለት ቀን ቆይቶ ጋሽ ይመር የድንጋይ አጥራቸውን ሲዞሩ አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አዩ። አንድ ድንጋይ ጎድሏል። "ያ ታደሰ ከገዛ አጥሬ ነቅሎ ነው እንዴ ይቅርታ የጠየቀኝ!" ብለው ሳቁ። ሰፈሩም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሠርግ ላይ ሲሳቅበት፣ ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ሲጽናናበት ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረ። ጨዋታ ነበር፤ ግን ጋሽ ይመር ሲያወሩት ልብ ብዬ አይ ስለነበር፣ ከሳቃቸው ሥር የማይስቅ ነገር እንደነበረ አውቃለሁ። ለእሳቸው የተጠየቀው ይቅርታ ከደጃፋቸው ተነሥቶ ደጃፋቸው የደረሰ ነበር። እናቴ ለምን እንደማይመልስላቸው ስትጠይቀው አባቴ "ይቅርታ ጠይቄ ሳበቃ ደግሞ ልከራከረው?" ይላታል። እንዲህ እንዳለ ሞተ።

እኔስ? የኔ ይብሳል። ያን ድንጋይ ከአጥሩ የነቀልነው እኔና የጋሽ ይመር ልጅ ዘሃራ ነን። ለጎል። ተጫውተን ስናበቃ ሜዳው ላይ ጥለነው ገባን። አባቴ ከሜዳው ያነሣው እሱኑ ነው ብዬ አመንኩ። ብናገር እኔ እገረፋለሁ እንጂ አባቴ ከመሳቂያነት አይድንም። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝም ብዬም አፈርኩበት። አባት ላይ ማፈር ከባድ ነው። ከሞተ በኋላ ደግሞ የሚወርድ አይደለም።

ድንጋዩን ጋሽ ይመር አልጣሉትም። ከውኃ ቧንቧው አጠገብ አስቀምጠው በየቀኑ ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉት፣ እጅ እግራቸውን የሚታጠቡት፣ እሱ ላይ ተቀምጠው ነው።

ዘሃራ አድጋ የድንጋይ ዶክተር ሆነች። ጂኦኬሚስት ይሏታል። ድንጋይ ፈጭታ፣ በአሲድ አሟሙታ፣ ውስጡ ምን ምን እንዳለ ትለካለች። ከዚያ ይኼ ድንጋይ ከየት መጣ፣ ሲፈጠርስ ባሕሩ ምን ዓይነት ነበር ብላ ትመራመራለች። "የምን ባሕር?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሰው የሚባል ፍጥረት ሳይታሰብ አገራችን የባሕር ወለል ነበር አለችኝ። ኋላ እሳተ ገሞራ ፈስሶ ሸፈነው፤ ደሴ የተቀመጠችው በዚያ በረጋ እሳት ላይ ነው፤ ባሕሩን ማየት የፈለገ ወንዞቹ ጠልቀው ወደ ቆፈሩት የምዕራቡ ገደል ይውረድ። እስቲ አስቡት፣ ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ከሥሬ እሳት፣ ከእሳቱ ሥር ባሕር አለ ስትለኝ።

ያለፈው ኢድ ዘሃራ አባቷን ልትጠይቅ መጣች፤ እኔም እንኳን አደረሳችሁ ልል ገባሁ። ጋሽ ይመር ውዱእ አድርገው ሲነሡ ውኃው ድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ዘሃራ ድንገት ቁጢጥ አለችና አፍጥጣ ቀረች። የስንት ዓመት ውዱእ ጭቃውንና ቆዳውን አጥቦ ጨርሶ፣ ከጎኑ አንዲት ድንጋይ ሆና የቀረች፣ የተጠቀለለች ቀንድ አውጣ መሳይ ብቅ ብላለች። ስትቆም ስትቀመጥበት ያደገችበት ድንጋይ ነው እንግዲህ።

ሮጣ ከወጥ ቤት አቼቶ አመጣች። ጠብ አደረገችበት። ድንጋዩ እንደተከፈተ ለስላሳ ፈላ።

ከዚያ ጠርሙሱን ይዛ አጥሩን ዞረች። ጥቁሩ ድንጋይ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አቼቶውን ዝም ብሎ ጠጣ።

"አባዬ፣ አጥሩ ከእሳት ነው፤ ይኼ ከባሕር ነው። ዝምድናም የላቸው" አለች።

ጋሽ ይመር ወደ አጥራቸው ዞሩና "ታዲያ የኔን አጥር ማን ነቀለው?" አሉ።

እኔና ዘሃራ መሬት መሬት ማየት ጀመርን። እሷ ዶክተር፣ እኔ ጡረታ የምቆጥር ሰው። "ለጎል ነበር ጋሽ ይመር" አልኩ።

"ወላሂ! ይኼን ሁሉ ዘመን?" ብለው ከዘራቸውን አነሡ። ይሳቁ ይቆጡ አልለይ አለኝና ለማንኛውም ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ድንጋዩ ከየት እንደመጣ በትክክል ለማወቅ ዘሃራ ትንሽ ስባሪ ፈለገች። አባቷ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። "እርቅ የታረቅሁበትን ድንጋይ? ፈጭተሽ በአሲድ ልታሟሚው?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "የተሸከመው አባትህ ነው። አንተ ካልፈቀድህ አይነካም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለኖራ ይመጣል፤ ከቅርብ ካለ ክምር ላይ ያነሣው ቢሆንስ? አባቴን ካንዱ መሳቂያነት አውጥቼ ሌላው ውስጥ መክተቴ ነው። ግን እስካሁን ዝም ብዬ ምን አተረፍኩለት? "ውሰጂ" አልኳት። ከሥሩ በኩል ጥፍር የምታህል ፈለጠች።

ሁለት ወር ቆይታ ደወለች። ጋሽ ይመር ቤት ነበርኩ፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ሁለታችንም ሰማናት። ስባሪው ከዚያ ከምዕራቡ ገደል ለምርምሯ ካመጣቻቸው ድንጋዮች ጋር ገጥሟል። አባቴ ያን ሳምንት ጭነት ይዞ የወረደበት ገደል ነው።

አባቴን ቅዱስ አላደርገውም፤ ያን ሁሉ መንገድ ያመጣው በመኪና ነው። ግን ሰውዬው እዚያ በረሃ መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ድንጋይ መርጦ፣ ከጎኑ አስቀምጦ ዳገቱን ሁሉ ሲወጣ ታየኝ። ይቅርታውን ከዚያ ጀምሮ ይዞት መጥቷል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት አፈርኩበት። ጋሽ ይመር እንዳያዩኝ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከኋላቸው ጋሽ ይመር፣ ሰማንያን ያለፉት ሽማግሌ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለዋል።

"ለታደሰ ነበር የሚገባው፤ አልቆየኝም" አሉ። "ይቅርታውን ይኼን ሁሉ ዘመን ስቄበታለሁ። ስለሱ ሆነህ አፉ በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ! ያውርዱት ጋሽ ይመር፣ በፈጠረዎት ያውርዱት!" አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

አወረዱት። ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ላባቸውን በፎጣቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ያቺ የጥንት ሳቃቸው ከዓይናቸው ብቅ አለች። በከዘራቸው ወደ አጥሬ ጠቆሙኝ።

"አንድ ነቅለህብኝ አልነበር? አንድ ነቀልኩብህ።"

ዞሬ አየሁ። እውነትም ከበሩ በስተቀኝ አንድ ድንጋይ ጎድሏል። ቀዳዳውን እስከ ዛሬ አልደፈንኩትም።