ጤነኛዋን ማስታመም

ሰው ሳይታመም ሐኪም ቤት ሲሄድ ምን ይላል? እስቲ ንገሩኝ። የታመመ ሰው ይሻለዋል፤ ወገቡን ይዞ ይገባል፣ ሆዴን ይላል፣ ራሴን ይላል። ጤነኛ ግን እጁን የት እንደሚያደርግ እንኳ አያውቅም። እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ በቀር ማንም ፊት መቆም የማልወድ ሰው ነኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ዓመት ሰቃ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በዚያ ዘመን ዕጣ የት እንደሚጥል አይታወቅም፤ ከጓደኞቼ ስንቶቹ የካርታ ጫፍ ላይ ወድቀዋል። ሰቃ ግን ለጅማ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሳዳጊዬ ወደ አዴ ዘሃራ መመለስ እችላለሁ። እናቴ ከከምባታ ለሥራ ጅማ መጥታ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር የአዴ ዘሃራ ተከራይ ነበረች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስትሞት፣ አዴ እጄን ይዘው ከጓሮ ክፍሉ ወደ ዋናው ቤት አስገቡኝ። በቃ፣ ልጃቸው ሆንኩ። እሳቸው ይሰግዳሉ፣ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እዘምራለሁ፤ ተጣልተን አናውቅም።

የትምህርት ቢሮው ሰውዬ ታዲያ አንድ ነገር ይቀርሻል አለኝ፤ የጤና ምርመራ ወረቀት። እስከ ሰኞ ካልደረሰ ሰቃ ለሌላ ይሰጣል፣ አንቺም ወደተገኘው ትሄጃለሽ። ይህን የነገረኝ ሐሙስ ነው። እኔ የፈራሁት መርፌውን አይደለም፤ ዓይኔን ነው። ስማር ከፊተኛው ወንበር ሌላ ተቀምጬ አላውቅም። የኋላ ተማሪዎቿን የማታይ አስተማሪ ማን ይቀጥራል?

ለአዴ የነገርኳቸው በሹክሹክታ ነበር። አጥሩ ሰማ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካን ይዞ እየመጣ "እግዜር ይማርሽ" ይለኝ ጀመር። አልታመምኩም፣ ለሥራ ነው ብል ማን ሰምቶ! "አዎ፣ አዎ" ይሉኝና ወደ አዴ ዞር ብለው "ምኗን ነው?" ይላሉ። በእኛ ሰፈር ደህና ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም። ሄዶ ደህና ነኝ ካለማ፣ በጣም ታሟል ማለት ነው።

ስለዚህ አርብ ጠዋት አስታማሚ ተመደበልኝ። አዴ አጥሚት በፔርሙዝ ሞልተው ተከተሉኝ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ በቆሙ ቁጥር "እረፊ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደክሞሻል" ይሉኛል። እኔ አልደከመኝም ነበር። ግን ትልቅ ሰው እረፊ ሲል ይታረፋል። ሰልፍ ውስጥ እንደገባን አዴ ስለ እኔ በሽታ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ማማከር ያዙ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አዝናልኝ ወረፋዋን ሰጠችኝ። ምን ልበላት? ተቀበልኳት።

መጀመሪያ ሚዛን ነው። ጫማ አውልቂ ይባላል፤ ያን ጊዜ ነው ካልሲ ቀዳዳ እንዳለው የሚታወቀው። ስለ ክብሪት ቀፎው አላወራም። የሰገራ ምርመራ የሰጠ ያውቀዋል፣ ያልሰጠ ይቅርበት።

ከዚያ ዓይን። ሰሌዳው ላይ ያለችው የፈረንጇ ፊደል "ኢ" እግሮቿ ወደየት እንደዞሩ መናገር ነው። እኔ ውጭ ቆሜ ከፊቴ የገቡት ሲናገሩ ሰምቼ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ለፈተና ማጥናት እንደሆነ ያሳደገኝ ሙያ ነው። መርማሪው ድሬሰር አንድ ዓይንሽን ሸፍኚ አለኝ። ግድግዳው ላይ ወዳየሁት ነጭ ነገር ዞሬ "ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ" ብዬ አንዴ ለቀቅሁት።

"እህቴ" አለኝ፣ "ሰሌዳው ከበሩ ጀርባ ነው። ያነበብሽልኝ ጢም ነው።"

ለካ ፊቴ ያለው የሶሻሊዝም አባቶች የሦስቱ ባለጢሞች ሥዕል ኖሯል፤ ያን ጊዜ እሱ ያልተሰቀለበት ቢሮ አልነበረም። ድሬሰሩ መጀመሪያ የሚሰማ ሰው እንዳለ ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ ነው የሳቀው፤ የዓይኔንም ጉዳይ ለዶክተሩ ተወለት።

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ልብስ አውልቂ አለኝ። ነጠላዬን አወለቅሁ። ጠበቀ። ሹራቤን አወለቅሁ። ጠበቀ። እንዲሁ ተፋጠጥን። ተስፋ ሲቆርጥ በቀሚሴ ላይ ልቤን አዳመጠና "ምን አሳደደሽ?" አለኝ። ያስልሻል? ደህና ነኝ። ያዞርሻል? እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይንሽስ? ደህና ነው።

በሩ ብርግድ አለ።

"ዶክተር፣ ወላሂ ትዋሻለች!" አዴ ናቸው፣ ፔርሙዙን እንደያዙ። "ባለፈው አጥር ላይ ያሰጣሁትን ካፖርት 'አዴ፣ እንደምን ዋሉ' ብላ እጅ ነሳችው! ዝም ሲላት ተቀየሙኝ ብላ አለቀሰች!"

ሰቃ ሄደች አልኩ በልቤ። ዶክተሩ ግን ሲስቅ ቆይቶ ከኪሱ መነጽር አወጣ። "እኔም ያለዚህ መርፌና ማንኪያ አልለይም" አለና ጻፈ፦ ለሥራ ብቁ ናት፣ መነጽር ታድርግ። ሰኞ ወረቀቴን አስረከብኩ።

መነጽሩ ከአዲስ አበባ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቅዳሜ አድርጌው ከሰቃ ተመለስኩ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር ለካ አንድ አንድ ዛፍ ነው! እየሳቅሁ ግቢ ገባሁ። አዴ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል። የኮንጎ ጫማቸው ጎኑ በቢላ ተቀዷል፤ እግራቸው አልገባ ብሎ። ያ ሦስት ጊዜ የቆምንበት መንገድ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

"አዴ፣ እግርዎ አብጧል።"

"እኔ? አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

በእኛ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ሰኞ አስፈቅጄ ይዣቸው ሄድኩ፤ አጥሚቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። በር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ምንዎን ያምዎታል? ምንም። ትንፋሽ ያጥርዎታል? አልሃምዱሊላህ። ሌሊት ይተኛሉ? ኧረ እንደ ሕፃን። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ ዝም በል ለማለት የማፍር ሰው፣ ሳልጠራ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

"ዶክተር፣ ይዋሻሉ!"

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ትራስ ደርበው ተቀምጠው ማደራቸውን፣ ጫማውን፣ መንገዱን። ልባቸው ደክሞ ኖሯል። በጊዜ መጣችሁ አለ ዶክተሩ። ኪኒን ሰጣቸው፣ ጨው ከለከላቸው፣ ቡናቸው ውስጥ የሚጨምሩትን ሳይቀር።

ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ በየመሃሉ "እረፉ፣ ደክሞዎታል" እላለሁ። ኩርፊያቸው ለጉድ ነው። የመንደራችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቀና ብለው መነጽሬን አዩት።

"ይህን ያስደረግሁሽ እኔው ነኝ" አሉ ተንፍሰው፣ "አሁን ማንን እከሳለሁ?"