የአቶ ሣህሌ ሽበት

[አሰላ፣ የእህል መጋዘን። ባለቤቱ አቶ ሣህሌ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ አንዲት የፊልም ቁራጭ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ያያል። ልቡ ግን ሳጉሬ ነው፤ እዚያ ያጫቸው ባለመሬት መበለት፣ ወይዘሮ አሰፋች፣ ፎቶውን አይተው መልስ ይሰጣሉ። ጆንያ ተሸካሚው ቱሳ ከጀርባው ቆሟል።]

ቱሳ፦ እኔ እንጃ ጋሼ፤ ይሄ እርስዎ አይደሉም።

ሣህሌ፦ ታዲያ ማን ነው?

ቱሳ፦ ጥርሱ ጥቁር፣ ፊቱ የፈረንጅ። ጋቢውም ጥቁር ነው፤ ሐዘን አለበት መሰለኝ።

ሣህሌ፦ ጋቢውን ተወው! ፀጉሩን እይ።

ቱሳ፦ እንደ ቁራ ጠቁሯል።

ሣህሌ፦ [በደስታ] ተባረክ!

ቱሳ፦ የእርስዎ ግን እንደ ጥጥ...

ሣህሌ፦ ስማ፣ ካሜራ እንደ አንተ ዐይን አይደለም። ብርሃኑ በዚያች ቀዳዳ ይገባና ከሥር ያለውን ያነሣል። የእኔ ሽበት ላይ ላዩን ነው፤ ሥሩ ጥቁር ነው!

ቱሳ፦ የጥርስዎም ሥር?

ሣህሌ፦ እሱ... የድሮ ትምባሆ ነው።

ቱሳ፦ ሽኩር ፎቶ አንሺው እኮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያጥበው አይቻለሁ።

ሣህሌ፦ ይኸው! ሽበቱ ታጥቦ ለቀቀ።

ቱሳ፦ ጋቢውስ? ሲታጠብ ጠቆረ?

ሣህሌ፦ አንተ ጆንያህን ተሸከም! በል፣ ይህችን ለወይዘሮ አሰፋች አድርስ።

ቱሳ፦ ደግሞ ሌላ?

ሣህሌ፦ ምን ማለትህ ነው?

ቱሳ፦ የወረቀቱን ትናንት ሳጉሬ ገብስ ልገዛ ስሄድ አደረስኩ። ሽኩር ይህችን ወረቀት ላይ አጣብቆ መብራት ሲያበራባት እርስዎ ቁጭ አሉ። ጋቢዎ ነጭ፣ ጥርስዎ ነጭ...

ሣህሌ፦ ፀጉሬስ?

ቱሳ፦ በረዶ! ፍሬውን ለሴትዮዋ ሰጠሁ፤ ገለባው አይጣል ብዬ ሳልሄድ ለእርስዎ ሰጥቼ ነበር።

ሣህሌ፦ [ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ] ገደልከኝ! በሽማግሌ “አርባ ዓመቱ ነው” አስብዬ!

ቱሳ፦ ኧረ ወደዱዎት!

ሣህሌ፦ ማን?

ቱሳ፦ ወይዘሮ አሰፋች ናቸዋ። አርባ ሲባሉ ሊተዉት ነበር። “ጎረምሳ ባል አግብቼ አይቻለሁ፤ የመሬቴን እኩሌታ ጠጥቶት ሞተ” አሉ። ፎቶውን ሲያዩ ግን ሳቁ። “ሽማግሌዎቹ ናቸው የዋሹት፤ ሰውየውስ የረጋ ነው፣ ሽበቱን እንኳ አልደበቀም” አሉ።

ሣህሌ፦ [እጁ ባርኔጣው ላይ ደርቆ] አልደበቀም... አሉ?

ቱሳ፦ አሉ። ዛሬ በጭነት መኪና አብረን መጣን። ወንድማቸው ቤት ፊታቸውን ታጥበው ይደርሳሉ። ይህን ልነግርዎ ስገባ እኮ ነው ስለ ፀጉር የያዙኝ።

[ከውጭ የሴት ድምፅ፦ “ቤቶች!”]

ቱሳ፦ ደረሱ! ጋሼ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁ እንጂ፤ ነውር ነው።

[ሣህሌ ቀስ ብሎ አወለቀ። ፊልሙን እንዲመስል ጠዋት በጫማ ቀለም የተለቀለቀው ፀጉሩ ያብረቀርቃል።]

ቱሳ፦ ያ ረቢ! ገለባውን ሆኑ!

ሣህሌ፦ [በሹክሹክታ] ቱሳ፣ ወንድሜ፣ ምን ልበላቸው?

ቱሳ፦ [በሩን ሊከፍት እየሄደ] ምን ቸገረዎት ጋሼ? “ጥቁሩ ላይ ላዩን ነው፤ ሥሩ ሽበት ነው” ይበሏቸው።